ገና በባሮ አሸዋ ላይ

«አልሄድም ብያለሁ! በሦስተኛው ልትገድለኝ ነው?»

«ዘኑ፣ የዛሬው እኮ ውሃ የለበትም።»

«የትናንቱ ቪዲዮ ቤትም ውሃ አልነበረበትም። ተዝለፍልፌ አልወደቅሁም?»

«የወደቅሽው እኔ ላይ ነው» አልኳት።

እውነቴን ነበር። ግን እውነት ሁሉ በገና ጠዋት ለሚስት አይነገርም። ዘነቡ የዶሮዋን እግር በእጇ እንደያዘች አየችኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ሰው ሲያናድዳት ዓይኑን ሳይሆን መርፌ የሚወጋበትን ቦታ ነው የምታየው።

«እሺ፤ ውሃ ከሌለበት ምንድን ነው ያለበት?»

«አሸዋ።»

«አሸዋውስ የት ነው ያለው?»

«ባሮ ዳር።»

የዶሮዋን እግር ሳህኑ ላይ መለሰችው። ጾሙን ሙሉ ሲጠብቁት የከረሙትን ዶሮ የሚያስጥል ንዴት ቀላል ንዴት እንዳይመስላችሁ።

ወሬውን ከወገቡ ጀመርኩባችሁ፤ ከሥሩ ላስረዳ።

ዘነቡ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። እዚያ ገና ሲመጣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶት ያድራል፤ ሰው እሳት ዳር ተኮልኩሎ እግዜርን ስለ እሳት ያመሰግናል። ጋምቤላ ላይ በገና ሰው እግዜርን የሚያመሰግነው ስለ ጥላ ነው። ሻማ ሳይለኮስ ይጎብጣል። ግድግዳው ላይ የሰቀልነው የሠርጋችን ፎቶ ውስጥ ያሉት ሚዜዎች ሳይቀሩ ያላባቸው ይመስለኛል። ስሟ ዘነቡ ይባል እንጂ እኔ ያመጣኋት ጠብታ ወደማይወርድበት በጋ ነው። በዚያ ወራት በቤታችን ውስጥ ከዝናብ ወገን ያለን ነገር የእሷ ስም ብቻ ነበር።

እኔ ደግሞ መምህር ነኝ። መምህርነቱ እንጀራዬ ነው፤ ግጥሙ ማንም ሳያስተምረኝ የያዘኝ በሽታ ነው። ጋምቤላ ክልል ከተባለች ብዙም አልቆየችም ነበር። በዚያ ሙቀት ቀለሙ ያልደረቀ ታፔላ ካያችሁ፣ ቢሮው ዛሬ ጠዋት ተከፍቷል ማለት ነው። ሁሉም ነገር አዲስ ነው፤ ሰውም፣ ወንበሩም፣ ማኅተሙም። እኔ ዕጣ ወጥቶልኝ መጣሁ፤ ወድጄውም ቀረሁ። ዘነቡ ከሠርጋችን በኋላ ተከትላኝ መጥታ ጤና ጣቢያ ገባች። ሥራዋን አልጠላችውም። የጠላችው ከሥራ መልስ ያለውን ነው፤ ሙቀቱን፣ ትንኙን፣ ሰው አለማወቁን፣ ምሽቱን ሙሉ ግጥም ማዳመጡን።

አክስቷ እዚያው ደብረ ብርሃን የሥራ ቦታ አገኙላት። ዘነቡ ይህን ስትነግረኝ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«በዓሉን አብረን እንዋል» አለችኝ። «በገና ማግስት ጋሽ በየነ ወደ ላይ ይመለሳሉ። እስከዚያ እወስናለሁ።»

ጋሽ በየነ የአክስቷ ጎረቤት ናቸው፤ የጭነት መኪና ይነዳሉ፤ እህልና ቆርቆሮ ይዘው ወደ እኛ ይወርዳሉ። እኔ ሥራዬን ጥዬ ልከተላት አልችልም፤ ብከተላት ሁለታችንም በአክስቷ ትከሻ ላይ ነን። እሷ ከሄደች ትዳራችን ከአገሪቱ ጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ የልብስ ማስጫ ገመድ መሆኑ ነው።

ሰው ሚስቱን ለማስቀረት ምን ያደርጋል? ብልህ ሰው አገር የሚያህል አጎበር ይገዛል፤ የበረንዳውን ጣሪያ በሣር ይከድናል። እኔ ግን ሽርሽር አሰብኩ።

የመጀመሪያው ሽርሽር በታንኳ ነበር። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ቀጭን ታንኳ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ለምኜ ተዋስኩ። ሰውየው «ቀዛፊ ልስጥህ?» ቢለኝ «ግድ የለም፣ ከባለቤቴ ጋር ብቻችንን ነው» አልኩት። መጀመሪያ እኔን አየ፤ ከዚያ ዘነቡን አየ፤ ከዚያ ታንኳዋን ወደ ጦር ሜዳ እንደምትሄድ ልጅ ዳበስ አድርጎ ተሰናበታት።

ዘነቡ ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳለች። «አዞ የለም አይደል?» አለችኝ።

«በዚህ በጋ? ውሃው ሲጎድል አዞውም ይሄዳል።»

ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀችኝም። እግዜር ይስጣት፤ አላውቀውም ነበር።

መሃል ስንደርስ (መሃል የምለው ከዳር ትንሽ ፈንጠር ያለውን ነው) ለእሷ የጻፍኩትን ግጥም ከኪሴ አወጣሁ። ግጥም ደግሞ ተቀምጠው ሲያነቡት ይታመማል። ቆምኩ። ታንኳ ላይ ቆሞ ግጥም እንደማይነበብ የገባኝ ከመጀመሪያው ስንኝ በኋላ ነው። ሁለተኛውን ያነበብኩት ከውሃ ሥር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስረዳት አልችልም። ዘነቡ «አዞ! አዞ!» ትላለች። እኔ አጠገቤ የተንቀሳቀሰውን ሁሉ በእርግጫ እላለሁ። በኋላ ረጋ ብለን ስናጣራው፣ እኔ ስረግጠው የነበረው አዞ የዘነቡ እግር ነው፤ እሷ በነጠላ ጫማዋ ስትደበድበው የነበረው አዞ ደግሞ እኔ ነኝ። ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ተነሥተው ያዩናል። ከመሃላቸው አንዷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጮኸች።

«መምህር! ቁም! ቁም ብቻ!»

ቆምኩ። ውሃው እስከ ጉልበቴ ነበር።

ወይዘሮ አሪየትን የተዋወቅናት እንዲህ ነው። የባሮ ልጅ ናት፤ እዚያው እኛ ሰፈር፣ ኒውላንድ ትኖራለች። የቤተ ክርስቲያኗን መዘምራን የምትመራ፣ ድምፅዋ ያለ ማጉያ ድልድዩን የሚሻገር ሴት ናት። ዘነቡን ደግፋ አወጣቻት፤ ነጠላዋን ከወንዙ አስመለሰችላት፤ ታንኳዋን ለባለቤቷ አስረከበችልን። አልሳቀችብንም። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያን ያህል ትዕግሥት ከእኔ ይጠበቅ ቢባል አልችለውም።

«ሲስተር፣ አይዞሽ» አለቻት። «ባሮ ደግ ነው። ባልሽ ነው ትንሽ አስቸጋሪ።»

ሁለተኛው ሽርሽር በገና ዋዜማ ነበር፤ ቪዲዮ ቤት ወሰድኳት። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ከቀኑ በስምንት ሰዓት ሊጥ ይዘው ቢገቡ ዳቦ ይዘው ይወጣሉ። ከተማው ሙሉ እዚያ ነበር፤ ከፑኝዶ ለበዓል የመጣው ነጋዴ፣ ከዲማ ወርቅ ቁፋሮ የተመለሰው ጎረምሳ፣ ፖሊሱ፣ ተማሪዎቼ። ፊልሙ የህንድ ነው። ጀግናው አባቱን ከገደለው ሽፍታ ጋር የመጨረሻውን ግብግብ ሊገጥም እጅጌውን ሲሰበስብ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨረሰ።

ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ግን ሐቀኛ ነጋዴ ነው። ፊልሙን ደጋግሞ አይቶታልና ከፊታችን ቆሞ የቀረውን ራሱ ይሠራልን ጀመር። ጀግናውን ሆኖ ይማታል፤ ሽፍታውን ሆኖ ይወድቃል፤ ልጅቷን ሆኖ ያለቅሳል። እውነት ለመናገር ከህንዷ እሱ ይሻል ነበር። ትንሽ እንደሄደ ከኋላ አንዱ ተነሣና «እንዲህ አይደለም! መጨረሻ ላይ ወንድማማቾች ናቸው!» አለ። ሌላው «ወንድማማቾቹ የባለፈው ሳምንት ናቸው!» ብሎ መለሰ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

በዚህ መሃል ዘነቡ ትከሻዬ ላይ ዘንበል አለች። ከሠርጋችን ወዲህ በሰው ፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። የልጅቷ ለቅሶ ነክቷት ነው አልኩ። እጇን ያዝኩ። ደስታዬ ወደር አጣ። ቤቱ ወንድማማቾች መሆናቸውን በድምፅ ብልጫ እስኪወስን ድረስ እጇን ይዤ ቆየሁ፤ ራሷን እንደሳተች የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ተሸክሜያት ስወጣ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀልን። ያጨበጨቡም ነበሩ፤ የፊልሙ መጨረሻ መስሏቸው ይሆናል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በገና ጠዋት ባሮ ዳር እንሂድ ያልኳት።

«አሸዋው ላይ ምን አለ?» አለች።

«የገና ጨዋታ።»

ሳህኑን ወደ ጎን ገፋችው።

«የቱ የገና ጨዋታ?»

«የገናው ነዋ! በዱላ፣ በሩር! መምህራንና የእናንተ የጤና ጣቢያ ሰዎች ይገጥማሉ። እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት። አገርሽን ናፍቀሻል ብዬ።»

«አንተ ገና ተጫውተህ ታውቃለህ?»

«እኔ?» አልኩና ከልቤ ሳቅሁ። ይህም አንድ መልስ ነው።

ዘነቡ ተነሥታ እጇን ታጠበች። «ለማየት ብቻ ነው የምመጣው» አለች በመጨረሻ። «ነገ ጋሽ በየነ ሲመጡ…» ብላ ዓረፍተ ነገሩን እዚያው ተወችው። እኔም አላነሣሁትም፤ እንዳልፈነዳ ፈንጂ ዙሪያውን ዞሬ አለፍኩ።

ዝግጅቱ ብዙ አድክሞኛል። ደጋ ላይ የገና ዱላ ከወይራ ይቆረጣል፤ ቆልመም ያለውን መርጠው። ጋምቤላ ላይ ያለን ኒም ነው። ከየመንገዱ ዳር የኒም ቅርንጫፍ እየለመንኩ ጎንበስ ጎንበስ ያለውን ሰበሰብኩ። ሩር የሚጠርብልኝ ስላጣሁ አሮጌ ካልሲዬን በጨርቅ ጠቀጠቅሁት። የመምህራኑ አምበል ዳይሬክተራችን አቶ ኡጁሉ ናቸው። እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ቁመታቸው ከበሩ ጉበን ጋር ዘወትር የሚጣላ፣ ቁምነገረኛ ሰው ናቸው።

«ሕጉ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ዋናው ሕግ ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› የሚለው ነው። አለቃም ቢመታ መቆጣት የለም።»

አሰብ አደረጉ። «ሥራ ስንገባም ይሠራል?»

«አይሠራም።»

«እንግዲያው ዛሬ በደንብ እንጠቀምበት» ብለው ወፍራሙን ዱላ መረጡ።

የረሳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የገና ጨዋታ የተፈጠረው ብርድ ለማባረር መሆኑን። እኛ የምናባርረው ብርድ አልነበረንም። ከሌሊት ጀምሮ የበላነውን ዶሮ በሆዳችን ይዘን፣ ረፋዱ ላይ ጫማችንን አውልቀን ነጩ አሸዋ ላይ ስንወጣ እግራችንን እንደ ምጣድ ለበለበው። አንዳችን ባንዱ እግር፣ ሌላችን በሌላው እየዘለልን ገባን። ዳር የቆመው ሕዝብ እልል አለ፤ የመክፈቻ ጭፈራ መስሎት።

ካልሲውን እኔ ነኝ መጀመሪያ የለጋሁት። አሸዋው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ሁለቱም ቡድን ተንበርክኮ ቆፈረና አወጣው። አቶ ኡጁሉ ለጉት፤ እንደገና ተቀበረ። ጨዋታው የጠፋ ንብረት ፍለጋ ሆነ። አንዱ ከዛፍ ጥሬ ማንጎ አወረደ። እሱ ጥሩ ሮጠ፤ ሁለት ጊዜ ያህል። በሦስተኛው አቶ ኡጁሉ ከነሥልጣናቸው ሲያሳርፉበት ተበተነና ግማሹ የጤና ጣቢያው ፋርማሲስት ጆሮ ውስጥ ገባ። ቀሪውን ፍየል መጥታ በላችው። ዳኛ የለንም እንጂ ግብ ይገባት ነበር። ዱላዎቹም አንድ ባንድ ይቀነጠሱ ጀመር።

እኔ በላብ በታወረ ዓይኔ ዘነቡን እፈልጋለሁ። ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ ታየናለች። በዚያው ሰዓት አሪየትና መዘምራኑ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከበሯቸውን እንደያዙ እዚያው ጥላ ሥር ቆሙ።

«ሲስተር፣ እነዚህ ምንድን ነው የሚሠሩት?» አለች አሪየት።

«እኔም እሱን ነው የማየው።»

«የእናንተ አገር ጨዋታ ነው አሉ።»

«ይሄ?» አለች ዘነቡ። ተነሣች። «ይሄ የእኛ አገር ጨዋታ አይደለም! ይሄ የማንም አገር ጨዋታ አይደለም!»

ትኩሱን አሸዋ እየረገጠች መጣች። የቀሚሷን ጫፍ መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣዋለች። መጥታ የቆመችው እኔ ፊት ነው።

«በየት በኩል ነው የያዝከው?»

«ምኑን?»

«ዱላውን! ቀጥ ያለው ነው የሚያዘው! በቆልማማው ነው የሚመታው!»

እኔ ቆልማማው እንደ ከዘራ ለመያዣ የተተወ መስሎኝ ነበር። የሚገርመው ይህ አይደለም። የሚገርመው እኔን አይተው አቶ ኡጁሉም፣ መምህራኑም፣ የጤና ጣቢያው ቡድንም በሙሉ ዱላቸውን ገልብጠው መያዛቸው ነው። አስተማሪ መሆን እንዲህ ያለ ከባድ ኃላፊነት ነው።

ዘነቡ ጊዜ አላጠፋችም። «እዚህ ደረቁ ላይ ምን ትሠራላችሁ? ወደ ውሃው ጠጋ በሉ፤ እርጥቡ አሸዋ ጠጣር ነው!» አለች። የወደቀ የዘንባባ ፍሬ አነሣች፤ ከቦርሳዋ ፋሻ አውጥታ ጠመጠመችበት፤ በፕላስተር አሰረችው። በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ሩር አላየሁም፤ ቁስል የሌለበት በሽተኛ ይመስላል።

አሪየት አጠገቧ ደርሳለች። «ይሄን ሴት አይጫወትም?»

«ወንድሞቼ ሰው ሲጎድልባቸው እኔን ያስገቡኝ ነበር» አለች ዘነቡ። «አባቴ እስኪያየኝ ድረስ።»

አሪየት ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞር ብላ አየች። «የኔ አባት እዚህ የለም» አለችና ጫማዋን አወለቀች።

መዘምራኑም አወለቁ። ዱላዎቻችንን ከእጃችን ተቀበሉን፤ ለአቶ ኡጁሉና ለጥቂቶቻችን ብቻ አስቀሩልን፤ የሚመታ ሰው ያስፈልጋል ብለው ይመስለኛል። ከበሮው ዳር ቀረ። ሩሯ በተለጋች ቁጥር ከበሮው አንዴ ድም ይላል፤ ግብ ሲሆን ይንደቀደቃል። ግቡ የሴቶቹ ነበር። እንደገናም የሴቶቹ ነበር። አቶ ኡጁሉ ቅልጥማቸውን ተመትተው «አይቆጡም ጌታ፣ አይቆጡም ጌታ» እያሉ ለራሳቸው ሲያስታውሱ ሰማኋቸው።

ከዚያ አንዱ የእኛ ሰው አጓጉል ለጋትና ሩሯ እየነጠረች ሄዳ ባሮ ውስጥ ገባች።

ሁሉም ቆመ። ነጯ ሩር ውሃው ላይ እየተንሳፈፈች ቀስ ብላ ትርቃለች። ወንዙ ውስጥ ስለሚኖረው ነገር ሁላችንም እናውቃለን፤ ከእኛ መሃል ደግሞ ከዘነቡ የበለጠ የሚፈራው አልነበረም። የቱቦ ውሃ ስትቀዳ እንኳ አዞ እንዳይኖርበት የምታይ ሴት ናት። እኔ ባልነቴን ላሳይ አንድ እግሬን ላነሣ ስል እሷ አለፈችኝ። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከጉልበቷ በላይ እስኪደርስ ገባች። ሩሯን በዱላዋ ቆልማማ ጫፍ ጎትታ አመጣቻት፤ ከውሃው ሳትወጣ እዚያው ቆማ፣ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ «ተዘጋጁ!» ብላ ለጋቻት።

እኔ አልተዘጋጀሁም ነበር።

ሩሯ የእግሬን አገዳ ስታገኘው ድምፁ ማዶ ድረስ ተሰማ ይላሉ። እኔ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ብቻ ነው። አሸዋው ላይ ተዘረርኩ። ዘነቡ ውሃ እየረጨች ሮጣ መጣች፤ ተንበረከከች፤ እግሬን ዳበሰችና አልተሰበረም አለች። ፊቴን አየችው። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ አልቻለችም፤ እዚያው አጠገቤ ተቀምጣ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ጋምቤላ ከገባች ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ አልሰማሁም። እግሬ እንደ እሳት ያቃጥለኛል፤ እኔ ግን በሆዴ፣ አምላኬ፣ ካስፈለገ ሌላኛውም እግር አለ እላለሁ።

ሩሯ ላይ የጠመጠመችውን ፋሻ ፈታ እግሬን አሰረችልኝ። አቶ ኡጁሉ እሳቸው ራሳቸው እያነከሱ ጀርባቸው ላይ አዘሉኝ። የዚያን ቀን ጋምቤላን ከቁመታቸው ከፍታ አየኋት፤ ነፋስ እንኳ አለ እዚያ ላይ። መዘምራኑ ከበሯቸውን እየመቱ፣ በቋንቋቸው የገና መዝሙራቸውን እየዘመሩ፣ በኒውላንድ መሃል እቤታችን ድረስ ሸኙን። ከየአጥሩ ሰው እየወጣ «መምህር ምን ሆነ?» ሲል አሪየት «ገና አከበረ» ትላለች። ጎረቤት ሁሉ ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ከዚያ በፊት የበራችንን መጥሪያ ቆርቆሮ ያንኳኳ ሰው አልነበረም። አንዷ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሌላዋ ለእብጠቱ ቅጠል፣ ፋርማሲስቱ ጆሮውን እየጎረጎረ ማስታገሻ ይዞልኝ መጣ። ስንቱን ላመስግን? ሰው አገር የሚያገኘው በእግሩ ሄዶ ነው ይባላል፤ እኔ ያገኘሁት በእግሬ ተመትቼ ነው።

ሲመሽ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ስለ ነገው ዘነቡ አላነሣችም። እኔም አልጠየቅኋት። የሳቀ ሰው ሁሉ ይቀራል ማለት አይደለም፤ በሽኝት ቀንም ይሳቃል።

ጠዋት ከአጥሩ ውጭ ክላክስ ተሰማ። ጋሽ በየነ ናቸው። ገብተው አልጋ ላይ ተጋድሜ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ አገኙኝ።

«ምን ነካህ ልጄ?»

«ገና ነው፣ ጋሼ።»

«አይ እናንተ! እዚያ እንኳ ማንም እንዲህ ሲመታ አላየሁም።» ወደ ዘነቡ ዞሩ። «በይ እንግዲህ ልጄ፤ ፀሐይ ሳይከር እንውጣ። ዝግጁ ነሽ?»

ዘነቡ ጎንበስ ብላ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎተተችው። እኔ በዚያች ቅጽበት ጣሪያውን አየሁ። የቆርቆሮውን ምስማሮች አንድ ባንድ አወቅኋቸው ማለት ይቻላል። የሻንጣው ቁልፍ ቀጭ አለ። ዞር ስል ከሥር አንድ ወፍራም ጋቢ ስባ አወጣች፤ አክስቷ ፈትለው ያሸመኑላት ነው። አጣጥፋ ለጋሽ በየነ ሰጠቻቸው።

«ይህን ለአክስቴ ይስጡልኝ። እሳቸው ይልበሱት፤ እዚያ ብርድ ነው። እዚህ ምን ያደርግልኛል?»

ጋሽ በየነ ጋቢውን አዩ፤ እሷን አዩ። «አንቺስ?»

«እኔማ ጨዋታ አለብኝ። ከድልድዩ ማዶ ካሉት ሴቶች ጋር ተቃጥረናል። ትናንት ሰምተው በዱላ ተዘጋጅተዋል አሉ።»

«ይህንን ነው ለአክስትሽ የምነግራቸው?»

«ደህና ናት ይበሉልኝ። ሌላውን እኔ እጽፍላቸዋለሁ።»

ጋሽ በየነ ጋቢውን ብብታቸው ሥር አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ምን አስነካሃት?» አሉኝ በጆሮዬ።

«ሰው» አልኳቸው። 

መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ወዲያው ከአጥሩ ውጭ ድልድይ የሚሻገረው ድምፅ ተሰማ።

«ሲስተር! ነይ! ፀሐይ ወጣ!»

ዘነቡ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ አሰረች። ዱላዋን ከበሩ ጥግ አነሣች፤ በትክክለኛው በኩል ይዛ። ደስታዬን እንዴት እንደምናገር አስቤ ጉሮሮዬን ስጠርግ እጇን አነሣችብኝ።

«ዝም በል። ወጡን ጥጄዋለሁ። እያነከስክም ቢሆን ተነሥተህ አማስለው። ስመለስ አርሮ ባገኘው ሁለተኛውን እግርህንም አልምርልህም።»

ወጣች። በሩ ከኋላዋ ድርግም ብሎ ተዘጋ።